ወረዳ ለጤና ዕቅድ ሲሰበስባችሁ፣ ምን ይቅደም የሚለውን የሚመርጠው ማነው?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ነው። ታሪኩ ግን ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የምኖረው መሃል አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ግቢያችን ውስጥ 11 አባወራ አለ። ሽንት ቤቱ ባለ ሁለት በር ነው፣ ጉድጓዱ ግን አንድ ነው። ቁልፉ በሩ ጎን ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ይሰርግበትና ይሞላል። መጣጭ መኪና ስንጠራ መንገዱ አያስገባውም። ቱቦው አይደርስም ይሉና ይመለሳሉ።

ባለፈው ጊዜ ወረዳችን ስብሰባ ጠራ። በሚቀጥለው ዓመት በጤና ረገድ ምን ይቅደም የሚል ነው። የሥራ ቀን ነው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ከግቢያችን መሄድ የቻልነው እኔና አንድ ጡረታ የወጡ አባት ብቻ ነን። ሌላው ቀን ሥራ ነው፣ ጉልት ነው፣ ሰው ቤት ነው። አዳራሽ ገብተን ስንቀመጥ ወረቀት ታደለን። ሦስት ነገር በኮምፒውተር ተጽፎበታል፦ ክትባት፣ የእናቶች ክትትል፣ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፣ አንዱንም አልቃወምም። እጄን አውጥቼ የሽንት ቤታችንን ነገር አነሳሁ። እሱ የጤና ሳይሆን የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው ተባልኩ። ከዚያ ለሦስቱ እጅ አወጣን። ቃለ ጉባኤው ላይ ህብረተሰቡ ተወያይቶ አጸደቀው ተብሎ ተጻፈ።

በነጋታው ቡና ላይ ለጎረቤቴ ለእማማ ነገርኳቸው። እማማ ደም ግፊት አለባቸው፣ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ይወስዳሉ። ዝም ብለው ሰሙኝና ተነስተው ከአልጋቸው ራስጌ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ሲከፍቱት ኪኒን ነው። አራት ቅጠል ሙሉ፣ አንዷም ፍሬ አልተነካችም። ለምን እንደማይውጡት ጠየቅኳቸው። ኪኒኑ ቶሎ ቶሎ ያሸናቸዋል። ሽንት ቤቱ የሞላ ቀን መሄጃ የላቸውም። ሲመሽ ደግሞ ግቢው ጨለማ ነው፣ ድንጋዩ ያዳልጣል። ስለዚህ መድኃኒቱን ተዉት። ውሃም ቀንሰዋል።

ስብሰባው የመረጠው ደም ግፊትና እኔ ያነሳሁት ሽንት ቤት ለካ አንድ ጉዳይ ነበሩ። አዳራሹ ውስጥ እኔም አላወቅኩትም። እማማን የጠየቃቸው ሰው ደግሞ አልነበረም።

በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ ሰፈር በበሽታ ከሌላው ይልቅ የሚጎዳው ለምን እንደሆነ የሚኖርበት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። እና ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ቅድሚያ የሚሰጠው ሲወሰን ነዋሪው በእውነት እንዲገባበት ማንን፣ የትና መቼ መጠየቅ አለበት? በእናንተ ሰፈር የተሻለ የሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ።

(ተጨማሪ፦ ክሩ፣ ማለትም ይህ የጥያቄና የምላሽ ገጽ፣ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። ዘግይታችሁ ለገባችሁ፣ የመጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው እዚሁ እነግራችኋለሁ። የሰው ቃል አልገለበጥኩም፣ በራሴ አባባል ነው።)

ምላሽ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ አራዳ ውስጥ የምትሠራ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ሲስተር እላታለሁ። እህቴ ብላኝ በትህትና ነው የጀመረችው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 በገጠር ተጀምሮ ከተማ የገባው በ2009 እንደሆነ፣ ከተማ ላይ ቤት ለቤት የሚዞሩት በነርስነት የሠለጠኑ መሆናቸውን አስረዳች። የዓመቱ ዕቅድ ከላይ በቁጥር ይወርዳል፣ ወረዳው በየወሩ ይከፋፍለዋል። ነዋሪው የሚገባበት ቦታ ጭራሽ የለም ማለት ግን ስህተት ነው አለች። ጤና ጣቢያ ቦርድ አለው፣ ቦርዱ ላይ የነዋሪ ተወካይ ይቀመጣል። በየሩብ ዓመቱ ነዋሪዎች ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጡበት ካርድም አለ።

ቀጥሎ የጻፈችው ነው የገረመኝ። ያ ካርድ የሚጠይቀው አገልግሎቱ እንዴት እንደሆነ ነው። ወረፋው፣ መድኃኒቱ፣ ንጽህናው፣ አቀባበሉ። የቱ ይቅደም ብሎ ግን አይጠይቅም። ነጥብ መስጠትና ማስቀደም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኔ ከሷ ነው የተረዳሁት። እሷ ቤት ለቤት የምትሞላው ቅጽ ላይም ሽንት ቤት አለ ወይስ የለም የሚል አለ። እኛ አለን፣ ስለዚህ አለ ተብሎ ይሞላል። ጉድጓዱ ሞልቶ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ግን ቅጹ ላይ የለም።

ምላሽ 2። ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ነው። እነሱም በሥራ ቀን እንደሚጠሩና ምድር ቤት ያሉት ፍሳሽ እንደሚገነፍልባቸው ጽፎ አለፈ።

ምላሽ 3። እዚህ ላይ ነው ክሩ የሞቀው። በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ነው። አልሰደበም፣ ግን አልለዘበም። ህብረተሰቡን ምን ይቅደም ብለህ ብትጠይቀው የሚታየውን ነው የሚጠይቅህ ባይ ነው። ሕንጻ፣ አምቡላንስ፣ ማሽን። የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ቤተሰቦች ይመርመሩልኝ ብሎ እጁን የሚያወጣ ሰው በዕድሜው አላየም። በአገሪቱ የጤና ጣቢያ ደረጃ መሠረት ከተማ ላይ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው ነው የሚታሰበው። 40,000 ሰው ይዘህ ያለህ ገንዘብ ትንሽ ከሆነ፣ የትኛው ብር ብዙ ነፍስ እንደሚያድን የሚቆጥር ሰው መምረጥ አለበት አለ። የሽንት ቤቱን ጉዳይም ከደም ግፊት ጋር አታያይዙት፣ እያንዳንዱ ባለቤት አለው ሲል ደመደመ። ልክ አዳራሹ ውስጥ የተባልኩትን ነው የደገመልኝ። አመመኝ።

ምላሽ 4። መርካቶ ዳር ጉልት የምትሸጥ እናት በልጇ ስልክ ጻፈች። ለሐኪሙ ነው የመለሰችለት። ማሽን የጠየቀ የለም፣ እሷ የምትፈልገው ካርድ ክፍሉ እስከ ምሽት እንዲከፈት ብቻ ነው። ጠዋት ቲማቲምና ሽንኩርቷን ካላወጣች የዕለቱ ገበያ አመለጣት ማለት ነው። እቃዋን ሰብስባ ስትነሳ ጤና ጣቢያ ድንገተኛው ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ልጇ ሲያስለው ፋርማሲ ትሄዳለች፣ ሳይመረመር አሞክሳሲሊን ትገዛለች። ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን ሰዓቱን የመረጠላት ሌላ ሰው ነው፣ እሷ አይደለችም። አምስት መስመር ብትሆን ነው ምላሿ። እስካሁን በዚህ ክር ብዙ ሰው የወደደው እሱን ነው።

ምላሽ 5። ብዙ የሚያነብ ልጅ ይመስለኛል። የሌላ አገር ልምድ ይዞ መጣ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1988 ሕገ መንግሥቷ ላይ ጤናን መብት አደረገች፣ በ1990 ደግሞ በሕግ የጤና ምክር ቤቶች አቋቋመች። በከተማ፣ በክልልና በአገር ደረጃ። የምክር ቤቱ ወንበር ግማሹ የተጠቃሚው ነው፣ የተቀረውን ሠራተኞች፣ አገልግሎት ሰጪዎችና መንግሥት ይካፈሉታል። ምክር ቤቱ ዕቅድና ገንዘብ ላይ ቃል አለው። ታይላንድም እ.ኤ.አ. በ2007 ሕግ አውጥታ ከ2008 ጀምሮ አገር አቀፍ የጤና ጉባኤ ታካሂዳለች። ይህ ሁሉ አዲስ ሐሳብ እንዳልሆነም አስታወሰን። እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ላይ የወጣው መግለጫ ሰዎች የራሳቸውን የጤና አገልግሎት በማቀድና በመተግበር መሳተፍ መብታቸውም ግዴታቸውም ነው ይላል። የእኛም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማህበረሰቡን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሰው ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጹን አላውቀውም ነበር። ከፍቼ አየሁት፣ እውነት ነው።

ምላሽ 6። አንድ መስመር ናት። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው ብራዚልን ምን ያደርጋታል ነው ነገሩ። ብዙ ላይክ አገኘ። ድካሙ ይገባኛል። ቢሆንም 5ኛው ልጅ ለጠየቅኩት ነገር ለፍቶ ነው የመለሰልኝ፣ አላመሰግነውም አልልም።

ምላሽ 7። 5ኛው ተመለሰ። ሳይቆጣ ነው የጻፈው። ወንበር መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ ወንበሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ከተቀመጠ ያው መሆኑን አመነ። እሱ ማለት የፈለገው ግማሽ ወንበር በሕግ ሲያዝ ቢያንስ ሰው የሚከራከርበት ነገር ያገኛል ነው።

ምላሽ 8። ይህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ጌጃ ሰፈር አካባቢ የእድር ዳኛ የሆኑ አባት ናቸው፣ ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። እኔም የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ የሚሉት ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። ክሩ ከተነበበላቸው በኋላ የእድራቸውን አሮጌ መዝገብ አውጥተው አገላበጡ። የሟች ስም፣ ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ዳር ላይ ደግሞ አንዳንዴ ምን እንደገጠመው። በ1990ዎቹ ያለው ገጽ ወጣት በወጣት ነው። ባል ተጽፎ ሁለት ገጽ ሳይሄድ ሚስት። ጥሩምባ ነፊው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚወጣበት ዘመን ነበር። ያኔ ብዙ እድሮች ደንባቸውን የለወጡት ለዚህ ነው አሉ። የሞተን መቅበር ብቻ ሳይሆን የታመመን ማስታመም፣ ልጆቹን ማየት ጀመሩ። ከጤና ቢሮ በፊት ያወቅነው እኛ ነን ማለታቸው ነው፣ ምክንያቱም ድንኳኑን የሚተክሉት እነሱ ናቸው።

የአሁኑ መዝገብ ሌላ መልክ አለው። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው፣ ዳሩ ላይ በድንገት የሚል። ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ። ወይም ኩላሊት። አንድ የጤና ሰው መጥቶ መዝገቡን አሳዩኝ ብሏቸው አያውቅም። ሲጨርሱ ራሳቸው ጥንቃቄ ጨመሩ። የሞት ምክንያት የሚጻፈው ቤተሰቡ እንደነገራቸው ነው፣ ቤተሰብ ደግሞ የሚሸሽገው ነገር አይጠፋም፣ ስለዚህ እንደ ሐኪም ወረቀት አትዩት አሉ።

የእኔን መዝገብም አወጣሁት። እሱን አሁን አልጽፍም፣ የጎረቤት ሐዘን ነው። በድንገት የሚለው ቃል ግን እኔም ጋ አለ። በእጄ የጻፍኩት ነው።

ምላሽ 9። የማህበረሰብ ጤና ተማሪ ናት። ለጋሼ ዳኛው ነው የመለሰችው። መዝገባቸው ቀልድ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ነገር ነገረችን። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በየመቃብር ቦታው የሚቀበሩ ሰዎች ይመዘገቡ ነበር፣ ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ተሄዶ ሟቹ እንዴት እንደታመመ ይጠየቃል። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር በከተማዋ የአዋቂዎች ሞት መቀነሱ በዚያ የመቃብር መዝገብ ታይቷል።

ግን አረመችንም። እድር ሰፈሩ ማለት አይደለም አለች። ወርሃዊውን መክፈል ያልቻለ ውጭ ነው። ተከራይ ውጭ ነው። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ውጭ ናት። ወረዳው ጋ ያልተጠየቀ ሰው እድሩ ጋም ላይጠየቅ ይችላል። የእድር ጸሐፊ ነኝ ብዬ ስኮራ የነበርኩት እዚህ ላይ ቆም አልኩ። እኛ ግቢ ከ11ዱ አባወራ ሦስቱ እድር የላቸውም።

ከምላሽ 10 እስከ 14። ወሬው ወደ እድር ዞረ። ስለ ወርሃዊ መዋጮ መናር፣ ስለ ወንበርና ድንኳን ኪራይ፣ ቀብር ለቀረ ስለሚከፈል ቅጣት። 11ኛውና 13ኛው ተጋጩ፣ አወያዩ ገብቶ አበረዳቸው። ከዚህ መካከል 12ኛዋን ብቻ ልብ በሉልኝ። ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ቤት ተሰጣት። ቤቱ ይሻላል፣ ሽንት ቤት ውስጥ አለው፣ አትዋሽም። ግን እድሯ ተበትኗል። የስኳር መድኃኒቷን አሁንም የምትወስደው ሁለት ታክሲ ይዛ ከድሮው ጤና ጣቢያ ነው፣ ካርዷ እዚያ ስለሆነ። ማህበረሰቡ ይጠየቅ ስትሉ የትኛው ማህበረሰብ ብላ ጠየቀች። የአዲሱ ሰፈር ሰው ገና አያውቃትም፣ የድሮው ደግሞ የለም። መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም። እኔም እስካሁን አላገኘሁላትም።

ምላሽ 15 እና 16። የጤና መድን ምሬት ነው። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ለሙከራ ሲጀመር የሰማ ሰው፣ አዲስ አበባ ሲገባ ደስ ብሎት ተመዘገበ። አሁን መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒቱን ከውጭ ይገዛል። 16ኛው ይኸው በእኔም ደርሷል ብሎ ተስማማ።

ምላሽ 17። ይህ ግን ከርዕሱ አልወጣም። መክፈል የማይችሉትን መንግሥት ይከፍልላቸዋል፣ የድሃ ድሃ የሚባሉት ማለት ነው። ማን የድሃ ድሃ ነው የሚለውን ዝርዝር ሲያወጡ ሰፈር ውስጥ ያሉ ሰዎች ይሳተፋሉ። 17ኛው ያየው፣ ዝምድና ያለው ሲገባና አልጋ ላይ ያለች መበለት ስትቀር ነው። ስለዚህ ለሰፈር ሰው ሥልጣን ስጡ ስትሉ ለየትኛው የሰፈር ሰው የሚለውን አትዝለሉት አለ። ከ9ኛዋ ሐሳብ ጋር አብራችሁ አንብቡት።

ምላሽ 18። ሐኪሙን ተሳደበ። አወያዩ ግማሹን አነሳው። የቀረው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ድሃን አያይም የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ወረፋ ይዤ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲሠሩ ያየኋቸው ሐኪሞች አሉ። ክሩን የከፈትኩት ለስድብ አይደለም።

ምላሽ 19። ሐኪሙ ተመለሰ። ስድቡን አልመለሰም። ስለ እማማ ኪኒን ነው የጻፈው። መጀመሪያ ሲያነብ ዘሎት ነበር፣ ደግሞ ሲያነበው ቆመ። የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት ስንት ጊዜ እንዳዘዘ ቁጥሩን አያውቀውም። ጨው ቀንሱ ይላል፣ ሰዓቱን ጠብቁ ይላል። ሽንት ቤታችሁ እንዴት ነው ብሎ ጠይቆ ግን አያውቅም። ግፊቱ አልወርድ ያለውን ሰው ሌላ መድኃኒት እየጨመረበት ነው የኖረው። ምናልባት አንዳንዱ የመጀመሪያውንም አልዋጠውም ነበር። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ ብሎ በግልጽ ጻፈ። በመድረካችን ይህን ቃል ብዙ አንሰማም፣ አከብረዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልለቀቀም። በእጅ ብልጫ ከሆነ የሚወሰነው የሚቀሩ ሰዎች አሉ አለ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው። ሌሊት የሚሠሩ ሴቶች። በረንዳ የሚያድሩ ልጆች። ሳንባ ነቀርሳ የያዘው። በጎረቤቶቹ ፊት ተነስቶ እኔ ይሄ አለብኝ፣ ይሄ ይቅደምልኝ የሚል ማንም የለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ጁሊያን ቱዶር ሃርት የተባለ፣ ዌልስ ውስጥ በማዕድን ሠራተኞች መንደር ይሠራ የነበረ ሐኪም የጻፈውን አመጣ፦ ጥሩ ሕክምና በብዛት የሚገኘው በጣም የሚያስፈልገው ሰው ከሌለበት ነው የሚል። ስብሰባም እንደዚያው እንዳይሆን ነው የሐኪሙ ስጋት። ይህን ስጋቱን እኔም እጋራዋለሁ። እማማ እንኳን፣ የሽንት ነገር ስለሆነ ብቻ፣ አዳራሽ ቢሄዱም አይናገሩም ነበር።

ምላሽ 20። መስማት የተሳነው ወንድም ነው። አራት ጊዜ ተጠርቶ ሄዷል፣ አንድም ቀን አስተርጓሚ አላገኘም። በአራቱም ቃለ ጉባኤ ላይ ስሙ በተሳታፊነት አለ።

ምላሽ 21። ቦሌ ሳይሆን እዚሁ አራት ኪሎ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ይህን ያለችው አንድ ሰው ሠራተኛ ሁሉ ቦሌ ነው ያለ ስለመሰላት ነው። ነርሷ ቤቱ ስትመጣ የምታነጋግረው እመቤቲቱን ነው። ቤተሰቡ ስንት ነው ሲባል እሷ አትቆጠርም። እረፍቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት ነው። የሚጠይቃት ቢኖር ግማሽ ሰዓት ይበቃታል አለች።

ምላሽ 22። መጣጭ መኪና ላይ የሚሠራ ሰው እዚህ ክር ውስጥ ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። መጀመሪያ ተቆጣን። ጉድጓድ ውስጥ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ የሕፃን ዳይፐር ትጥላላችሁ፣ ቱቦው ይዘጋል፣ እኛ በእጃችን እናወጣለን፣ ከዚያ አልደረሰም ስንል ትሰድቡናላችሁ። እውነቱን ነው፣ እኛ ግቢም ይጣላል። ከዚያ መፍትሔ ሰጠ። ቱቦ መቀጠል ይቻላል፣ ግን በረዘመ ቁጥር የመሳብ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጠባብ መንገድ የሚገባ አነስተኛ መኪና አለ። ለአንድ ግቢ ብቻ ሲጠራ ማንም አይመጣም፣ አንድ ቀን ቀጥራችሁ ብዙ ግቢ አንድ ላይ ካስመጠጣችሁ ግን ያዋጣል። መጀመሪያ ቆሻሻውን ልቀሙ፣ ከመኪናው መቆሚያ እስከ ጉድጓዱ ያለውን በእርምጃ ለኩና ስትደውሉ ንገሩን አለ። በስብሰባው አዳራሽ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይበልጥ ጠቀመኝ።

ምላሽ 23። ሲስተር ተመለሰች። ከላይ የሚወርደውን ቁጥር እሷ አትለውጠውም፣ ይህን አልደበቀችም። የምትችለውን ግን ዘረዘረች። ሰው ወደ አዳራሽ ከሚጠራ እሷ እሑድ እድሩ በሚሰበሰብበት ትመጣለች። እድር ለሌላቸው በየቤቱ ትዞራለች፣ ሠራተኛ ያለችበት ቤት ሠራተኛዋን ለብቻ ታነጋግራለች። የተዘጋጀ ዝርዝር ይዛ አትመጣም። ባለፉት ወራት መታከም ፈልጋችሁ ምን አስቀራችሁ ብላ ነው የምትጀምረው። በሰው ፊት የማይነገረውን ደግሞ ብቻ ለብቻ ትሰማለች። ለ19ኛው ስጋት ይህ ሙሉ መልስ እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች።

ምላሽ 24። 5ኛው ልጅ ስለ ጊዜው አስጠነቀቀን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ተሰብስቦ መናገር ዕቅዱ ከተቋጨ በኋላ መናገር ነው። ከገና በኋላ ባሉት ወራት የሰዎቹ ሐሳብ ተሰብስቦ ወረዳው እጅ ካልገባ፣ እንደገና የታተመ ወረቀት ነው የሚታደለን።

ከምላሽ 25 እስከ 28። አንድ ሰው የውሃ ፈረቃችን ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀ፣ ሁለቱ መለሱለት። 28ኛው የ12ኛዋን ሴት ካርድ ወደ አዲሱ ሰፈር ጤና ጣቢያ ለማዛወር የሪፈር ወረቀት ማጻፍ እንደምትችል ነገራት።

የእኛን ልንገራችሁና ላብቃ። ለእድራችን ዳኛ ነግሬያቸው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ ስብሰባ ላይ አጀንዳ ተይዟል። እድር የሌላቸው ሦስቱ ጎረቤቶቼም እንዲመጡ ተፈቅዷል። መጀመሪያ ትንሽ ክርክር ነበረበት። ጡረተኛው አባት ከአስፋልቱ እስከ ጉድጓዳችን በእርምጃ ለክተውልኛል፣ 64 እርምጃ ነው። ከጎናችን ያሉ አምስት ግቢዎች አብረን እናስመጥጥ ብለዋል። የመዝገባችንን ገጾች ስም ሳይኖርበት፣ ዕድሜና የተባለውን ምክንያት ብቻ፣ በሌላ ወረቀት እየገለበጥኩ ነው። ሲስተር ስትመጣ እንድታየው።

እማማ ስብሰባው ላይ እንደማይናገሩ ነግረውኛል። ሲስተር ቤታቸው ከገባች ግን ቡና አፍልተው የብስኩቱን ቆርቆሮ ይከፍቱላታል።